አራት ኮር ወይስ ስምንት

በዚያ ዓመት ጅቡቲ ውስጥ አንድ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ወንድም ነበረኝ። ክፍሏ ካርቲየ 3 ውስጥ ናት፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፣ ስለ ሙቀቷ ባላወራ ይሻላል። ኮምፒውተሩን የሰጡኝ የሀብታሞቹ ሰፈር ፕላቶ ዱ ሰርፓን ላይ ስድስት ዓመት ያገለገልኳቸው ፈረንጆች ናቸው። አገራቸው ሲገቡ ልብሳቸውን ለዘበኛው፣ ኮምፒውተሩን ለእኔ ትተው ሄዱ። ወንድሜን ግን ማንም አልሰጠኝም፤ ራሱ መጣ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ ከእኔ በዘጠኝ ዓመት ያንሳል። ሐሳቡም ጅቡቲ መቅረት አልነበረም፤ በኦቦክ ወደብ በኩል ባሕሩን ተሻግሮ የመን፣ ከየመን ሳዑዲ መግባት ነበር። የእኔ ሐሳብ ደግሞ አንድ ብቻ ነበር፤ እንዳይሻገር። ስለ ፕሮሰሰር፣ ስለ ኮምፒውተሩ አንጎል፣ የማወራው ሁሉ ስለዚህ ነው።

የመን ውስጥ ጦርነቱ ከተጀመረ ዓመት አልፎታል። ከዚያ የሸሹ ሰዎች በጀልባ እየሞሉ ወደዚህ ይመጣሉ፤ ያው ጀልባ ሲመለስ የኛን ልጆች ሞልቶ ይሄዳል። ከኦቦክ የሚመጡ ሰዎች ናቸው እንዲህ የሚያወሩት። ባለቤቶቹ ከሚቃጠል ቤት ሲሮጡ እያየ እንግዳ ልሁን ብሎ የሚገባ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው ብዬ ስቆጣ፣ ወንድሜ ረጋ ብሎ ይመልስልኛል።

«እነሱ ቤታቸው ስለሆነ ነው የሸሹት፣ እታለም። እኛ አላፊ ነን።»

ለሁሉም ነገር መልስ ነበረው። እናታችን ትሙት፣ መልስ ያጣበትን ቀን አላስታውስም።

ለጥቂት ሳምንት ብሎ መጥቶ አንድ ዓመት የቆየው በእኔ ምክር እንዳይመስላችሁ። ያቆየው ጌም ነው። አንድ የእግር ኳስ ጌምና አንድ ከተማ ውስጥ መኪና እየነዱ የሚተኳኮሱበት ሌላ ጌም ነበረው። እኔ ጠዋት ራስ ዲካ አካባቢ አንድ ቤት ላጸዳ ስወጣ ይቀመጣል፣ ስመለስ እዚያው ነው፤ ከወንበሩ ለማስነሳት ጭቅጭቅ ነው። «አንድ ጨዋታ ብቻ» ይለኛል፤ አንዱ ሦስት ይሆናል። እየተጨቃጨቅሁ በልቤ ደስ ይለኛል። ሌላዋ እህት ወንድሟን በጸሎት ትይዛለች፤ እኔ በጌም ያዝኩት።

ከሰዓት በኋላ ወንበሩ የእኔ ነው። የእኔ ሥራ ቪዲዮ ነው። ደንበኞቼ ሰው ቤት የሚሠሩ የአገሬ ሴቶች ናቸው። አርብ ዕረፍታቸው ነው፤ ቀሚስ ተዋውሰው፣ ፀጉራቸውን ተሠርተው ባሕሩ ዳር ይመጣሉ፣ እቀርጻቸዋለሁ። አሠሪ መዳሟ ከአገር የወጣችላት ደግሞ ሳሎን ድረስ ትጠራኛለች፤ ሶፋው ላይ እግሯን አጣምራ፣ ሪሞት ይዛ፣ እንደ ባለቤት። ከዚያ እቤቴ እመጣና መጥረጊያውን፣ ሽርጡን፣ በር በተከፈተ ቁጥር ወጥ ቤት ጥግ የሚታየውን ፍራሽ እየቆረጥኩ አወጣለሁ። ዘፈን እጨምርበታለሁ። ቪዲዮው አገር ቤት ይላካል፣ እናት አይታ «ልጄ አለፈላት» ብላ በደስታ ታለቅሳለች። ጎበዝ ቆራጭ ነበርኩ። ከእኔ እጅ የወጣ ቪዲዮ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ አታገኙም።

የራሴንም ልኬ ነበር። እኔ በተውሶ መነጽር ባሕሩ ዳር፣ እኔ በፈረንጆቹ በረንዳ ላይ። አገር ቤት ወንድሜና ጓደኞቹ በስልክ እየተቀባበሉ አይተውታል። አንድ ቀን የመን ሲኦል ናት፣ እዚህ ሲነገር የምሰማውን ብትሰማ እግርህን አታነሳም ብዬ ስለፈልፍበት፣ ጌሙን አቁሞ ዞር አለና፦

«ጅቡቲም በአንቺ ፊልም ገነት ነበረች» አለኝ።

ሊያስከፋኝ ብሎ አልነበረም፤ ፈገግ እያለ ነው የተናገረው። እኔ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ስለ የመን አፌን ሞልቼ መናገር አቃተኝ። ምን ብል ያምነኛል?

እንግዲህ ያለኝ ማሽኑ ብቻ ነበር፣ እሱም አረጀ። ሙቀቱ ሲጀምር መንተፋተፍ አመጣ። የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ሬንደር ሲያደርግ፣ ማለት ቆርጬ የጨረስኩትን ገጣጥሞ ሲያወጣ፣ ከቀትር እስከ ማታ ያቃስታል፤ መሀል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ከሀ ነው። ጌሙም እንዲሁ። ኳሷ ወደ ጎል እየሄደች አየር ላይ ቆማ ትቀራለች፣ ተጫዋቾቹ እግራቸውን እንዳነሱ ይደርቃሉ። ያኔ ወንድሜ «ኤጭ» ብሎ ይነሳል። ሲነሳ ደግሞ ሌላ የትም አይሄድም፤ ግቢያችን ጥግ ወዳለችው ክፍል ነው።

ያቺን ክፍል እፈራት ነበር። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከሐረር የሚመጡ ልጆች የሚያርፉባት ናት፤ አሥርም አሥራ ሁለትም ሆነው ይተኛሉ። ፊታቸውን መልመድ ስጀምር ሌሎች ይሆናሉ። የሄዱት ደረሱ ወይ ብዬ ስጠይቅ «ደርሰዋል ይባላል» ይሉኛል። ይባላል። ወንድሜ በሩ ላይ ተቀምጦ ሲስቅ እሰማለሁ፣ ሳቁ ሲቆምና ድምፃቸው ዝቅ ሲል ደግሞ ሥራዬን ትቼ ጆሮዬን ወደ በሩ እጥላለሁ። ማሽኑ በቆመ ቁጥር እዚያ የሚቀመጥበት ሰዓት ጨመረ። ስለዚህ ዕቁቤ ሲወጣ ሌላ ነገር አላሰብኩም፤ ፕሮሰሰሩን እቀይራለሁ አልኩ።

ከገበያው አጠገብ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጥ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ የአገሩ ሰው አለ። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ከእኔ ይጣፍጣል፤ ከአንድ ቃል በቀር ወደ ሶማሊኛ የሚዞረው ሲቆጣ ብቻ ነው። ከቀትር በፊት ሄድኩ፤ ጅቡቲ ውስጥ ጫቱ ከገባ በኋላ ሁሉም ነገር ነገ ነው። ያመጣሁለትን ማሽን ከፍቶ አየና፣ ወንድሜ ከአሮጌ ዕቃ አግኝቶ የገጠመው የስዕል ካርድ ደህና መሆኑን፣ የሚያንቀው ፕሮሰሰሩ መሆኑን ነገረኝ። ማዘርቦርዴ ላይ፣ ዕቃው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ ላይ፣ የሚገቡ ሁለት አሉ አለ፤ አንዱ አራት ኮር፣ አንዱ ስምንት።

«ስምንቱ ይሻላላ» አልኩት።

«ቆይ እስቲ፣ ዋላሻይ።» እህቴ ማለቱ ነው። «ፕሮሰሰር የወደብ ወዛደር ቡድን ነው በይ፤ ኮር ማለት አንዱ ወዛደር። እዚህ አራት አሉ፤ ጎረምሳ፣ ሯጭ። እዚያ ስምንት አሉ፤ አንድ በአንድ ስታያቸው ግን ቀርፈፍ ያሉ ናቸው። ጌም ሥራውን ለብዙ ሰው ማከፋፈል አያውቅም፣ ሁለት ሦስት ሯጭ ይበቃዋል። ቪዲዮ ግን ከረጢት ነው፣ ከነመርከቡ ከረጢት። ብዙ ትከሻ ይፈልጋል።»

«ለሁለቱም የሚሆነውስ?»

«ለሁለቱም የሚሆነው ሌላ ማዘርቦርድ፣ ሌላ ሜሞሪ፣ ሌላ ሁሉ ነገር ይፈልጋል። አዲስ ኮምፒውተር በይው። አሁን ምረጪ። ከዱባይ ነው የማስመጣው፣ ከመጣ በኋላ መመለስ የለም። ስምንቱ ደግሞ እሳት ነው፤ ከትልቅ ቬንትሌተር ጋር ካልሆነ በዚህ አገር ሐምሌን አያልፍም።»

የአገሬ ሰው «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል። እኔ ሁለት ባላ መትከያ አቅም አልነበረኝም። እንጀራዬ በስምንቱ ላይ ነው፣ ወንድሜ በአራቱ ላይ። እቤት እስክደርስ ወስኜ ጨርሻለሁ።

«አራቱን ላዝዝ ነው» አልኩት ወንድሜን። «ለእኔ ሥራ አራቱ ይበቃል ብሎኛል።»

ውሸት መሆኑን ያውቃል። ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ስለነዚህ ነገሮች ያላነበበው የለም። ቀና ብሎ አየኝ።

«እታለም፣ የምትሠሪበት አንቺ ነሽ። ለአንቺ ስምንቱ ነው።»

«ጌሙስ?»

«ጌም በስምንቱም ይሄዳል። ትንሽ ቀስ ቢል ነው።»

ይህ እንግዲህ ለአንዲት ግማሽ ሰዓት ከእኔ ጋር የሚታገል፣ ወንበሩን በእግሩ ቆልፎ የሚይዝ ልጅ ነው። ልቤ በደስታ ሞላ። ልጄ ቁም ነገረኛ ሆነ፣ ለሰው ማሰብ ጀመረ ብዬ ለጎረቤት ሳይቀር አወራሁ። ጅል ነበርኩ። እንደዚያ ጅል ሆኜ አላውቅም። ደስታው ደግሞ ይበልጥ አበረታኝና በማግስቱ ሄጄ አራቱን አዘዝኩ። ጌሙ እንደ ወፍ ሲበርለት ከወንበሩ ማን ያስነሳዋል?

ሦስት ሳምንት የተባለው አምስት ሆነ። የበረሃው ነፋስ ጀመረ፤ አሸዋው በመስኮት ገብቶ ኪቦርዱ ላይ ይተኛል። ጠዋት ስወጣ ማሽኑን ቀዝቃዛ፣ ስመለስም ቀዝቃዛ ሆኖ ማግኘት ጀመርኩ። «ምነው አልተጫወትክም?» ስለው «ይሞቃል ብዬ» ይለኛል። ጭቅጭቁ ቀረ። ወንበሩን ስጠይቀው ይነሳል፤ ሳልጠይቀውም ይነሳል። ቤት ይጠርጋል፣ ውኃ ይቀዳል። ፀጉሩን በአጭሩ እንድቆርጥለት ጠየቀኝና ቆረጥኩለት። አረብኛ ቁጥር ሲለማመድ ሰማሁት። ሁሉንም ሰማሁ፣ ሁሉንም አየሁ፤ ዕቃው ይምጣ እንጂ እያልኩ ራሴን አታለልኩ።

አንድ ከሰዓት ልብሱን ሳጥብ ጂንሱን ገለበጥኩት። ተሻጋሪ ልጆች የሚያደርጉት ነገር አለ። የቤተሰብ ስልክ ቁጥር ሱሪያቸው ወገብ ላይ፣ በውስጥ በኩል፣ በማይለቅ እስክሪብቶ ይጽፋሉ። ስልክ ይቀማል፣ ወረቀት ይርሳል፣ ሱሪ ግን እስከ መጨረሻው ከሰውየው ጋር ነው። ባሕር የመለሰው ሰው ሲገኝ መጀመሪያ የሚገለበጠው ወገቡ ነው ይባላል። የወንድሜን ሱሪ ስገለብጥ የራሴን ቁጥር አገኘሁ፤ ሥርዓት ባለው እጅ ጽሑፍ፣ ከነአገሩ መለያ።

በረኪና አፈሰስኩበት። ሻካራ ብሩሽ ይዤ ጣቶቼ እስኪላጡ ፈተግሁት። ቁጥሩ ከሌለ አይሄድም ብዬ ይሆናል ያሰብኩት፤ እኔም አላውቀውም። ጨርቁ ነጣ፣ ቁጥሩም ጠፋ። ሱሪውን ገመድ ላይ አስጥቼ ቁጭ ስል ነው የገባኝ። እሱን ከመንገዱ አላስቀረሁትም፤ ያስቀረሁት የሚደውልልኝን ሰው ነው። ደግሜ ልጽፈው ተነስቼ ነበር። ከጻፍኩት ሂድ ማለቴ ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ማታ ሱሪውን ከገመድ አውርዶ አጠፈው፣ ነጩን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረገና ከራስጌው አኖረው።

በሳምንቱ ዕቃው ገባ ተባለ። ሄድኩ። ባለጢሙ ሰውዬ ካርቶኑን ሲያወጣልኝ ላዩ ላይ ትልቅ ስምንት ተጽፏል፤ ከጎኑ ደግሞ የጭንቅላት መጠን ያለው ቬንትሌተር።

«ተሳስተሃል!» ብዬ ጮኽኩበት። «አራት ነው ያዘዝኩህ! መመለስ የለም ያልከኝ አንተ፣ አሁን ምን ልታደርግ ነው?»

እንደሚቆጣ ጠብቄ ነበር። አልተቆጣም።

«አልተሳሳትኩም፣ ዋላሻይ። አንቺ ባዘዝሽ ማግስት ወንድምሽ መጥቶ አስቀየረኝ። እሷ ናት የላከችኝ አለ። ቬንትሌተሩንም የጨመረው እሱ ነው፣ ከኪሱ።»

«ለምን?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። አንተስ በምን ልትጫወት ነው አልኩት። ሳቀ። እኔ አልጫወትበትም፣ ለእሷ ብቻ የሚሆነውን አምጣ አለኝ።»

ሰውዬው ካርቶኑን በፌስታል እየከተተ፣ ፊቴን ሳያይ ተናገረ።

«ብዙ አይቻለሁ። ሊሄዱ ሲሉ ሁሉም ደግ ይሆናሉ።»

ከሱቁ እስከ ቤቴ አሥር ደቂቃ አይሞላም። ያን ቀን የሄድኩበትን አላውቀውም። ለመኖር ያሰበ ሰው ድርሻውን ለማንም አይለቅም፤ ወንበሬ ይላል፣ ሰዓቴ ይላል፣ ይጣላል። ወንድሜ ድርሻውን የለቀቀ ዕለት ሄዷል። እኔ ደግሞ ቁም ነገረኛ ሆነ ብዬ ለሰው አውርቻለሁ። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ስትል እናቴን እቆጣት ነበር፣ አፍሽን ክፉ አታናግሪው እያልኩ።

እቤት ነበር። ካርቶኑን ሲያይ ዓይኑን ሰበረ፣ ወዲያው ግን ጠረጴዛውን ጠረገና መፍቻውን አዘጋጀ። ጠይቂው ይለኛል ልቤ። ብጠይቀው ይነግረኛል፤ ከነገረኝ ደግሞ ነገሩ እውነት ሊሆን ነው። ስለዚህ ከጎኑ ቆምኩ።

«ነይ እይ» አለኝ። «እዚህ ጥግ ላይ ያለችውን ወርቃማ ሦስት ማዕዘን ከዚህችኛዋ ጋር ታገናኛለሽ። አትጫኚው፣ በራሱ ነው የሚገባው። ከታች ያሉት እግሮቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፣ አንዱ ከታጠፈ አለቀ።» ሙቀት የሚያወጣውን ነጭ ቅባት መሀሉ ላይ ጠብ አደረገ። «ይህቺ ትበቃለች። በዚህ አገር ሙቀት ቶሎ ይደርቃል፤ በየዓመቱ አሮጌውን በአልኮል ትጠርጊና አዲስ ታደርጊያለሽ። አቧራውን በየወሩ።»

ታደርጊያለሽ። ትጠርጊያለሽ። እስከዚያ ድረስ ቤታችን ውስጥ ያሉ መፍቻዎች ሁሉ የእሱ ነበሩ፤ እኔ ክዳኑን እንኳ ከፍቼ አላውቅም።

ማሽኑ ተነሳ። የሳምንቱን ቪዲዮ ሬንደር ላይ አደረገው፤ አንዲት አዲስ የመጣች የጎንደር ልጅ ባሕሩ ዳር ቀሚሷን ነፋስ ሲያነሳባት። ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አለቀ። እጁን አጨበጨበ፣ እንደ ልጅነቱ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ሙቀቱን የሚያሳይ ትንሽ ቁጥር ተከለልኝ። ከዚያ እኔ ጌሙን ከፈትኩለትና መጫወቻውን እጁ ላይ አስቀመጥኩ።

«ተጫወት በቃ» አልኩት። «ዛሬ ወንበር አልጠይቅህም። ነገም አልጠይቅህም።»

«በኋላ» አለኝ። መጫወቻውን ኪቦርዱ አጠገብ በቀስታ አስቀመጠው።

እሑድ ከሥራ ስመለስ የወንድሜ ፍራሽ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ቆሟል። የጥጓ ክፍል በር ተከፍቶ አዲስ የመጡ ልጆች ዕቃ ያስገባሉ፤ ማናቸውንም አላውቃቸውም። ጎረቤቴ ሴትዮ ልብስ እያጠበች ነበር፣ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። እኔም አልጠየቅኋትም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ስልኬ ጠራ፣ የማላውቀው ቁጥር። ማሽኑ ፊት ተቀምጬ እየሠራሁ ነበር። ድምፁን ከመስማቴ በፊት ነፋስ ሰማሁ።

«እታለም፣ እኔ ነኝ። የሰው ስልክ ነው፣ አንድ ደቂቃ ነው የሰጡኝ።»

«የት ነህ?»

«ኦቦክ።» ከኋላው ሰዎች ይጣደፋሉ፣ አንዱ በአረብኛ ይጮኻል። «ደህና ነኝ፣ አትጨነቂ። ማሽኑ እንዴት ነው? ይሞቃል?»

ሁለት ቀን ሙሉ የምናገረውን ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት። ተመለስ፣ ሁሉንም ሸጬ አገር ቤት አብረን እንግባ። ፊልሜ ሁሉ ውሸት ነው፣ መነጽሩ የሰው ነው፣ በረንዳው የሰው ነው፣ እኔ እዚህ ወለል ነው የምፈትገው። እናታችን ትሞትብሃለች። ይህ ሁሉ አፌ ላይ ነበር። ዓይኔ ስክሪኑ ጥግ ላይ አረፈ።

«ስልሳ አንድ ነው» አልኩት።

«ጥሩ ነው። ከሰባ ካለፈ ግን አጥፊው፣ እንዳይቃጠልብሽ።» አንድ ሰው ጠራው። «መሄዴ ነው በቃ።»

ታላቅ እህቱ ነኝ። አይሆንም ብለው ኖሮ ምናልባት እግሩ ለአንዲት ደቂቃ ይቆም ነበር፣ ጀልባዋም ትሄድ ነበር። ያ ቀን ካለፈ ወዲህ ድምፁንም፣ ወሬውንም፣ «ደርሷል ይባላል» የሚለኝን ሰው እንኳ አላገኘሁም። ለወንድሜ መጨረሻ የተናገርኩትን ቃል ሰው ሲጠይቀኝ አላስታውስም እላለሁ። አስታውሳለሁ። መሄዴ ነው ሲለኝ፣ «እሺ» አልኩት።